የአስካለ እጅ

ሻጩ ልጄን ኪሩቤልን ማጉረሻ ክንድ ያለው ከፍ ያለ የሕፃን ወንበር ላይ አስቀመጠና ለስለስ ያለ ፍትፍት አቀረበልኝ። "ወንበሩ የሚያጎርሰው ልጁ የወደደውን እጅ አይቶ ነው። አመሉን ሁሉ ይማራል። አንዴ ከያዘ ግን ሌላ እጅ አይቀበልም" አለኝ።

አጎረስኩት፤ ተፋው። ደገምኩ፤ ፊቱን አዞረ።

"እትዬ፣ ትኩስ ሆኖበት ነው" አለች አብራን የመጣችው ሞግዚቷ አስካለ። ጉርሻውን እፍ እፍ ብላ ስታቀርብለት እንደ ጫጩት አፉን ከፈተ። ወንበሩ ጢጥ አለ።

እኔ ነኝ የወለድኩት።

ወር ሳይሞላ አስካለን አሰናበትኳት። ሰበብ አላጣሁም።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ኪሩቤልን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። የወንበሩ ክንድ እንደ እሷው እፍ እያለ አጎረሰው፤ ልጄ ሳቀ። ንድድ አለኝ። ወንበሩን ከሶኬቱ ልነቅለው ጎንበስ ስል ክንዱ ወደ እኔ ዞሮ ጉርሻ ዘረጋልኝ።

አስካለ ከሥራ በገባሁ ቁጥር እንዲህ ታደርግ ነበር። ምሳ ሳልበላ እንደምውል ታውቃለች። "አንድ ጉርሻ ያጣላል" እያለች ሁሌም ትደግምልኝ ነበር።

ክንዱ አልታጠፍ አለ። አፌን ከፈትኩ፤ ሁለተኛውንም ጠበቅኩ።