የአሞራው ሃያኛ ሙት ዓመት

አዳራሹ ጢም ብሏል። መድረኩ ላይ የአሞራው ፎቶ ተሰቅሏል፤ የራስ ቁሩን በብብቱ ይዞ የሚስቅ መልከ መልካም መኮንን። በጦርነቱ ሦስት የጠላት አውሮፕላን ጥሎ፣ በመጨረሻ ራሱም ተመትቶ በጃንጥላ ወርዶ የተረፈ ጀግና ነው። ከዚያ ወዲህ በትርኢት ቀን ካልሆነ አይበርም ነበር፤ ለጀግና የማይተውለት ነገር የለም። በዓመት ሁለቴ አውሮፕላኑን ገልብጦ ከሜዳው ሳር ትንሽ ከፍ ብሎ ሲያልፍ፣ አገር ምድሩ ጉድ ይል ነበር። በስምንተኛው ዓመት እዚያው ሳር ላይ ተከሰከሰ። ዛሬ ሃያ ዓመቱ ነው።

የአሞራው መካኒክ የነበረው ሰው ከሚስቱ ጋር በሩ ጥግ ተቀምጧል። የጠራው የለም፣ ራሱ ነው የመጣው። የለበሰው ኮት አሞራው በሕይወት ሳለ የሰጠው ነው፤ ዛሬም ልክክ ይልለታል። በወጣትነቱ ለአብራሪነት ተመልምሎ፣ ሁለት ዓመት ከበረረ በኋላ አለቃውን ሰድቦ ወደ ጥገና የተወረወረ ሰው ነው። ከአደጋው ወዲህ ግን «ጋሽ ጠርሙስ» ነው የሚሉት። ያን ቀን ጠዋት ሰክሮ አውሮፕላኑ በሚቆምበት ሃንጋር ውስጥ ተዘርሮ ነበር። ያየም ያላየም ያወራዋል፤ የሰው አፍ በምን ይዘጋል?

ሐኪሞች ጉበትህ አልቋል ካሉት ሁለት ወሩ ነው። ከእንግዲህ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአሞራው ሚስት ይቅር እንድትለው። በየዓመቱ ደጇ ይሄዳል፣ በየዓመቱ በሩ ይጠረቀምበታል።

መጀመሪያ የተናገሩት የቀድሞው አዛዥ ናቸው።

«አሞራውና መካኒኩ ከትርኢት በፊት ሃንጋሩን ዘግተው ግማሽ ሰዓት ይቆዩ ነበር» አሉ። «ዝር የሚል የለም፤ እኔ አዛዡ እንኳ አልገባም! አውሮፕላኑ ሲወጣ፣ የራስ ቁሩ ጥቁር መስታወት ፊቱ ላይ ወርዷል። ሲመለስም በሩ ይዘጋል። ትንሽ ቆይቶ አሞራው ራሱን ገልጦ እየሳቀ ብቅ ይላል። እንዲያ ተገለባብጦ አንዲት ጠብታ ላብ የለበትም!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አዛዡ የበሩን ጥግ ገልመጥ አደረጉ።

«ነፍሱን አምኖ የሰጠው ሰው ነው የከዳው» ብለው ተቀመጡ።

ቀጥሎ የአሞራው ሚስት ተነሳች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፣ ድምጿ ግን አልደከመም።

«እናንተ ሰማይ ላይ አያችሁት። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ላውራችሁ። ከጦርነቱ ወዲህ አምፖል ሲቃጠልብን ወንበር ላይ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ያ ሁሉ አሞራ ከታች ቆሞ ወንበሩን ይይዝልኛል!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀችና ድንገት ፊቷ ጠቆረ።

«አንተ» አለች፣ ወደ በሩ እያየች። «ሃያ ዓመት ደጄን አንኳኳህ። እስቲ ዛሬ እዚህ ሰው ፊት የሠራኸውን ተናገር። ከተናገርክ ይቅር እልሃለሁ።»

መካኒኩ ወንበር ተደግፎ ተነሳ። ሚስቱ ኮቱን ጎተተችው፤ አልሰማትም።

«እትዬ፣ ሰክሬ ነበር። በዋዜማው ግብዣ ላይ ለእሱ ሜዳሊያ ሲያጠልቁለት፣ እኔን ከሾፌሮቹ ጋር አስቀመጡኝ። ቀናሁ። አዎ፣ እንደ ውሻ ቀናሁ። እስኪነጋ ጠጣሁ። እሱን የገደለው የኔ ስካር ነው።»

የአሞራው ሚስት እጇን አወናጨፈች።

«እሱንማ ዓለም ያውቀዋል» አለች። «እኔ የጠየቅኩህ ምን እንዳደረግክ ነው። የቱን ብሎን ሳታጠብቅ ቀረህ? የትኛውን ቱቦ ረሳህ? ባሌ በምን እንደሞተ ንገረኝ!»

መካኒኩ ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ።

«ንገረኝ እኮ!»

«እሱ ሆዴ ውስጥ ይቅር፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ይቅርታዬም እኔው ዘንድ ይቅር። ሂድ ውጣልኝ!»

ወጣ። ማንም መንገድ አልለቀቀለትም፤ ሚስቱ ናት ከፊት ከፊቱ ሰው እየገፋች ያሳለፈችው። ደጅ ደረጃው ላይ ቁጭ እንዳለ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? የአውሮፕላኑ ፍተሻ ያለቀው ከግብዣው በፊት ነው! ያን ጊዜ ጠብታ አልቀመስክም። ሦስት ሰው አይቶ ፈርሞበታል። መርማሪዎቹም አውሮፕላኑ ላይ አንድ ጉድለት አላገኙም። ምናለ ይህንን ብትነግራት?»

«ከዚያ 'ታዲያ በምን ሞተ?' ትለኛለች።»

«ትበልሃ!»

«በስተርጅና ሙት ወቃሽ ልሁን?»

«ምን የሚያስወቅስ ነገር አለው? አውሮፕላኑ ደህና ከነበረ፣ ያንተ መስከር እሱን ምን ያደርገዋል?»

ከውስጥ እንደገና ጭብጨባ ተሰማ። እስኪያበቃ ጠበቀ።

«ባልሰክር ኖሮ» አላት፣ «እንደ ሁልጊዜው የማበርረው እኔ ነበርኩ።»