ቀለም ያልነካው ቤት

ማናዬን ከእድሩ ያስወጡት ሚስቱ ታማ በተኛችበት ሳምንት ነው።

ነገሩ የጀመረው በቦንድ ነው። መንግሥት ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ደቡብ ለሚዘረጋው መንገድ ቦንድ ሲሸጥ፣ የእድሩ ዳኛ ማናዬ በተቀማጫችን እንግዛ አለ። በወጣትነቱ ለመንገድ ሥራ ጠጠር ሲሰብር የኖረ ሰው ነው። የሚያድረውም እዚያው መንገዱ ዳር፣ ሸራ ሥር ነበር። ስለዚያ ብዙ አያወራም።

«ወለዱ ከባንክ ይሻላል። መንገዱም የራሳችን ነው» አላቸው። እድርተኛው እጅ አወጣ።

በዓመቱ ቀያሾች መጡ። ሰፈሩ ሜዳውን መሃል አድርጎ በሁለት ረድፍ የቆመ ነው። በግራ ያሉትን አጥሮች ቀይ ቀቡ፤ ተሻግረው በቀኝ ያሉትንም ቀቡ። ሜዳው ላይ ብቻውን የቆመውን የማናዬን ቤት ግን አልነኩትም። አንደኛው ቀያሽ በሩ ላይ ቆሞ ከማናዬ ጋር ሲነጋገር ሰው አየ። ማናዬ የሚጠጣ ውሃ ሰጠው።

ባለሱቋ ዙሌካ ቀይ ቀለም ታውቃለች። የድሮ ቤቷ ተቀብቶ በሳምንቱ ፈርሶባታል።

«በቃ፣ አለቀልን» አለች።

እሁድ እድርተኛው ተሰበሰበ።

«ጋሽ ማናዬ፣ ያንተ ቤት ለምን ቀረ?» አለ ጎረቤቱ ዳባ።

«ቀያሹን ጠይቄው ነበር። ላንተ ቤት ቀለም አያስፈልግም ነው ያለኝ።»

«በስንት ተስማማችሁ?»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ቶሎ ቆመ።

«ውሃ ነው የሰጠሁት።»

«ውሃማ እኛም ቤት አለ» አለች ዙሌካ። «እኛ ሞኞቹ ገንዘባችንን ሰጥተን ቤታችንን አስፈረስን። ቦንድ ግዙ ያለን ሰውዬ ተረፈ!»

ማናዬ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሚስቴ ትሩፋት ከአልጋ አትነሳም። ከዚህ ብነሳ የት ይዣት እሄዳለሁ? ቤቱ ሲቀርልኝ ተመስገን አልኩ እንጂ ማንንም አልሸጥኩም። ከእድሩ ካስወጣችሁኝ እሷን ማን ይቀብርልኛል?»

«ውሃ ያጠጣሃቸው ይቅበሩልህ» አለ ዳባ።

እጅ ወጣ። ለቦንዱ ከወጣው ፈጥኖ ወጣ።

ትሩፋት ኅዳር ላይ ሞተች። ድንኳን አልተተከለም። ሬሳውን የተሸከሙት መንገዱን ሊሠሩ የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ዳባ ዶዘር ሳይመጣበት የቤቱን ቆርቆሮ ሊነቅል ጣሪያው ላይ ወጥቶ ነበር። አስከሬኑ እስኪያልፍ መዶሻውን አስቀመጠ፤ አልወረደም።

ዶዘሩ በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት መጣ።

በግራው ቀይ አጥርና በቀኙ ቀይ አጥር መካከል ያለውን ጠረገ፤ የማናዬ ቤት ፈረሰ፣ ሌሎቹ ሁሉ ቀሩ።