ሟቹ የፈተሹት ግድብ

ሥራ አስኪያጁ የብዕራቸውን ክዳን ነቅለው መፈረሚያውን ገጽ ሲገልጡ፣ እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሜያለሁ።

በር ላይ ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል። የውሃ ኮርፖሬሽናችን ዓመታዊ ሪፖርት እስከ ስድስት ሰዓት ምክር ቤቱ ካልደረሰ ጉድ ይፈላል።

«አንቺ ሴት፣ ዘንድሮማ በጊዜ ጨረስሽው! ተባረኪ» ይሉኛል።

እንዴት እንደጨረስኩት እኔ ነኝ የማውቀው። የአምናውን ሪፖርት እከፍታለሁ፣ ዓመተ ምሕረቱን እቀይራለሁ፣ ክፍሎቹ የላኩልኝን አዲስ ነገር እሞላለሁ። ምንም ያልላከ ካለ የአምናው እንዳለ ይቀመጣል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሳጠርዘው ነው ዓይኔ ያረፈበት፦ «ግድቡ በዋናው መሐንዲስ ተፈትሿል፤ ስንጥቅ አልተገኘበትም።»

ዋናው መሐንዲስ ካረፉ አሥራ አራት ወር ሆናቸው። ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ። በቦታቸው ሰው አልተተካም፤ ግድቡንም ከዚያ ወዲህ ማንም አላየው። ማን ይጠይቃል? በወረቀታችን በየዓመቱ ይፈተሻል።

ግድቡ ስር ታናሽ እህቴ ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ትናንት በስልክ፣ «ግድቡ እያላበው ነው፣ ውሃ ያንጠባጥባል ይላሉ፤ ሰው ወሬ አያጣ» ብላ ስቃለች። እኔም አብሬያት ስቄያለሁ።

አምላኬ፣ አንደበት ስጠኝ።

«ጋሼ፣ አይፈርሙ።»

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«ግድቡን ፈተሹ ያልናቸው... የቀበርናቸው ሰውዬ ናቸው።»

ገጹን ያያሉ። ፈገግ ይላሉ። «ለዚህ ነው እንዲህ የምትሆኚው? ስማቸውን አውጪና ሌላ አስገቢ።»

«የማንን ላስገባ?»

«የራስሽን አስገቢ እንጂ! አንቺው አይደለሽ የጻፍሽው?»

በአንድ ቃል ሊያባርሩኝ ይችላሉ፤ ከእኔ በፊት የነበረችውን እንደዚያ ነው ያደረጓት።

«አልችልም፣ ጋሼ። እዚያ ታች እህቴ አለች። ልጆቿ አሉ። ግድቡ ያልበዋል እያሉ ነው።»

ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋል። እሳቸው ቀና አይሉም።

«ሌላስ?» ይላሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኗል። «ታች ሌላስ ማን አለ?»

«የመንደሮቹ ዝርዝር ገጽ ዘጠኝ ላይ አለ። በየዓመቱ እንጽፈዋለን።»

ብዕሩን ያስቀምጣሉ። ገጽ ዘጠኝን ይፈልጋሉ፣ ያልፉታል፣ ይመለሳሉ። ከዚያ ጣታቸውን ከመጀመሪያው መንደር ስም ስር አድርገው፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ማንበብ ይጀምራሉ።