የማ ሌሴጎ በርጩማ

ማ ሌሴጎን ያንገበገባት ባሏ ሞሎኪ «ዓይንሽ ደክሟል፤ ጥላ ስር አረፍ በይ» ማለቱ ነበር። ማውን ከተማ ባለው ግቢያቸው ሠላሳ ዓመት በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ከፒክአፑ ስር ለተጋደመው ባሏ መፍቻ ያቀበለችው እሷ ነበረች። አሁን በርጩማው ላይ ጎረቤታቸው፣ ፈቷ ጎራታ ተደላድላ ነበር።

«እማማ፣ እኔ አለሁልዎ» አለች ጎራታ።

«አይቼሻለሁ።»

ሞሎኪ ጎማውን የሚይዘውን አዲስ የፊት ብራቾ አስገባና፣ በጎራታ ጨዋታ እየሳቀ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑን ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ያ ደከመ የተባለው ዓይን አየ። መኪናው መሬት ሳይረግጥ ከታሰረ የብራቾው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ ተጠማዞ ይቀደዳል፤ ሁልጊዜ «መጀመሪያ አውርደው» የምትለው እሷ ነበረች። ጎሚኒው ሲቀደድ እንዲዋረዱ ሳትናገር ልትተዋቸው ከጀለች፤ ግን መኪናው የእሷም ነው።

«ቡሎኑን አላላና መኪናውን አውርደህ እሰረው» አለችው። ወደ ጎራታ ዞረች። «አንቺ ደግሞ ከበርጩማዬ ተነሺልኝ።»