የጀልባዋ ሸራ

ከጀርመን የተመለሰው ወጣት ገና በማለዳ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ጀልባ ነጂው ጋሽ ፈንታሁን የጀልባዋን ጥላ ቋሚዎች ነቅሎ ሸራውን ያጥፋል። በበርሜሎች ላይ የምትንሳፈፈው ጀልባ የዛሬዎቹን ሽርሽረኞች ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትወጣ ነበር።

«ምን እያደረጉ ነው? እንግዶቼ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣሉ!»

ሽማግሌው ቀና እንኳ አላለም። «ዛሬ ጀልባ አይወጣም።»

«ባለቤቱ ማን ሆነና?»

«አንተ ነህ። ቢሆንም አይወጣም።»

ወጣቱ ከተመለሰ ጀምሮ ሲጠረጥር ነበር፤ የአገሩ ሰው መምጣቱን አልወደደለትም። ለምን መጣሁ እያለ የሸራውን ጫፍ ይዞ ጎተተ። ሽማግሌው አልለቀቀም።

«ልቀቅ!» አለ፣ አንቱታውን ረስቶ። «ምቀኛ! ከዛሬ ጀምሮ እዚህች ጀልባ ላይ እንዳላይህ!»

«እሺ፣ አታየኝም» አለና ሽማግሌው ሸራውን ነጥቆ ትከሻው ላይ ጣለው። «ይሄ ግን እናንተ ደጅ ይተከላል።»

«በማን ፈቃድ?»

ጋሽ ፈንታሁን በአገጩ ወደ ዳገቱ አመለከተ። የወጣቱ አጎቶችና ጎረቤቶች ቀስ ብለው ወደ እሱ እየወረዱ ነበር። ከፊት የምትመራቸው እናቱን ለማስታመም አዲስ አበባ ሆስፒታል የከረመችው አክስቱ ናት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።