ከቆዳው ሥር

ካምፓላ፣ ቡኮቶ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው በረንዳ ላይ፣ መቅዲ የአባቷን ቀኝ ክንድ ጭኗ ላይ አጋድማ ጅማቶቹን በጣቷ እየዳሰሰች ትስል ነበር። እጅ መሳል አልሆንልሽ ስላላት የሰውነትን አሠራር እያጠናች ነው። አባቷ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ይህ እጁ አይንቀሳቀስም፤ "ከኔ የተሻለ ሞዴል ካምፓላ ውስጥ አታገኚም" እያለ ይቀልዳል።

በሥዕሉ ተመስጣ ሳለች፣ "አባዬ፣ ጠቋሚ ጣትህን እስቲ ከፍ አድርጋት" አለችው። ያለችው ሲገባት ደነገጠች። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ሞከረ፤ ጣቱ ንቅንቅ አላለችም። ይቅርታ ልትለው ስትል፣ ከእጇ ሥር አንድ ቀጭን ጅማት ተወጥሮ መልሶ ላላ። ትንፋሿ ቀጥ አለ።

"አቃተኝ አይደል?" አላት ዓይኑን ሳይገልጥ።

መቅዲ ደህናውን ግራ እጁን አንስታ ጅማቱ ላይ አሳረፈችለት።

"አሁን ድገመው" አለችው።

ደገመው፤ ጅማቱም ከግራ መዳፉ ሥር ተወጠረ። ከዚያ ዓይኖቹን ገልጦ አያት።