ባዶ ሰማይ

ሁሉ ነገር የተበላሸው የቅዱስ ዮሴፍ በዓል ማግስት፣ ረቡዕ ነው። የበዓሉ ደመራ አመድ ከፓሌርሞ መንገዶች ገና አልተጠረገም ነበር። ኦርኔላ ስልኳን አየች፣ ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው፣ ቁርሷን ትታ ተነሣች።

አባቷ ኮራዶ ላንዛፋሜ ነገሩ ወዲያው ገባው። አባትም ልጅም እንጀራቸው አንድ ነው፤ ድሮ የፈነዱ ኮከቦችን ቅሪት ያጠናሉ። ከቅሪቱ የሚወጣውን ኃይለኛ ኤክስሬይ አየሩ ስለሚውጠው፣ ከምድር ሆኖ የሚያየው የለም። ማየት የሚችለው ጠፈር ላይ የሚዞር ቴሌስኮፕ ነው፤ እሱን ደግሞ የዓለም ሰው ሁሉ ይሻማበታል። ለማን እንደሚሰጥ ማመልከቻ አንብበው የሚወስኑት ዳኞች ናቸው። ኦርኔላን ከለከሏት። የሥራ ውሏ ሰኔ ላይ ያልቃል፤ ያለ ቴሌስኮፑ የሚያድስላት የለም።

«ማነው የጣለሽ? ምን ብሎ ጻፈ?» አላት።

«ተወኝ አባዬ።»

ኮራዶ አልተወም። የሚጠረጥረው ሰው አጥቶ አያውቅም። ስካሊሲ አለለት።

በወጣትነታቸው ሁለቱ አብረው ይሠሩ ነበር። በአንድ ቅሪት ውስጥ የቲታኒየምን ጨረር መጀመሪያ ያየው ኮራዶ ነው፤ ሲታተም ግን ከፊት የቆመው የስካሊሲ ስም ሆነ። ሽልማቱም፣ የካታኒያው ፕሮፌሰርነትም ስሙን ተከትለው ሄዱ። ኮራዶ ያልጮኸበት ቢሮ የለም። ሰሚ አላገኘም።

ስካሊሲ አንድ አመል አለው። ቴሌስኮፑን ሲጠይቅ ግማሹን ጊዜ ከቅሪቱ ጎን ያለውን ባዶ ሰማይ ለማየት ይፈልገዋል፤ ከሌላ ቦታ ሾልኮ የገባ ጨረር እንዳያሳስተው። የካቲት ላይ ምሳ ሲበሉ ኮራዶ ይህንኑ አንሥቶ፣ «ባዶ ሰማይ ላማረው ሰው መስታወት ይበቃዋል» ብሎ ነበር። ባልደረባው ጋስፓሬ የጠጣው ወይን በአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀ።

አሁን ኮራዶ ጥርጣሬውን ሲነግረው ግን ጋስፓሬ አልሳቀም። «ማመልከቻው ላይ ስም እኮ ይደበቃል። ስካሊሲ የሷን ከማን ይለየዋል?»

«ስም ቢደበቅ እጅ ይደበቃል? እኔስ ዘንድሮ ዳኛ አልነበርኩም? የሱን ማመልከቻ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ ለየሁት፣ የሚገባውንም ሰጠሁት። እኔ እሱን ካወቅሁት፣ እሱ የኔን ልጅ ያጣታል?»

ቅዳሜ ጠዋት ኦርኔላ እንደ ልማዷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። የብርዱን ወራት ሁሉ ቅዳሜ ከቤት አትገኝም፤ ማታ የለውዝ ኬክ ይዛ ትመለሳለች። ኮራዶ ወንድ ይዛ ይሆናል ብሎ አልጠየቃትም። የዚያን ቅዳሜ ግን እሱም መንገድ ነበረው። መኪናውን አስነሥቶ ወደ ካታኒያ ነዳ።

ስካሊሲ ከከተማው አጠገብ ያለው እሳተ ገሞራ የበተነውን ጥቁር አመድ ከቤቱ በረንዳ ላይ ይጠርግ ነበር። አርጅቷል፣ ጎብጧል።

«ኮራዶ! አንተ ሰው፣ አልሞትክም እንዴ?»

«አንተን ሳልቀብር? ልጄን ለምን ጣልካት?»

«እኔ?»

«አንተ ነሃ! የኔ አልበቃ ብሎህ!»

ሽማግሌው መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «የሷ መሆኑን እያወቅሁ እንዴት እፈርዳለሁ? አስተማሪ በተማሪው ሥራ ላይ አይዳኝም።»

«የማን ተማሪ?»

ስካሊሲ ፊቱን ወደ ቤት አዞረ። «ነይ፣ ውጪ በቃ። መጥቷል።»

ኦርኔላ በሩ ላይ ቆመች። ዐይኗ አብጧል።

«አሠራሩን ያስተማረኝ እሱ ነው፤» አለች። «ቴሌስኮፑን በስምህ ሳይሆን በራሴ ላገኘው ፈልጌ ነበር። አንተ ደግሞ እዚህ መምጣቴን ብትሰማ ቤት አታስገባኝም።»

ኮራዶ ሰደበ፣ ተንጎራደደ፣ መጨረሻ ላይ በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። ልጁ ስታለቅስ አየና ልቡ ራራ። ቁጣው ግን ገና ሰው ይፈልግ ነበር።

«እሺ። እሱ ካልሆነ ሌላ ነው። ማንም ይሁን ከዚህ ሥራ እነቅለዋለሁ፣ በእናቴ መቃብር! የጻፈውን ቃል ንገሪኝ የኔ እናት። የሁሉንም አጻጻፍ አውቀዋለሁ፤ ስሙን አሁኑኑ እነግርሻለሁ።»

ኦርኔላ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«‹ባዶ ሰማይ ላማረው ሰው መስታወት ይበቃዋል› ነው ያለኝ። በል እንግዲህ አባዬ፣ ማነው? መልስልኝ!»